ስልኩ ቆጠረ፤ ከዚያስ?



ለዛሬ የምንመረምረው መጽሐፍ ወይም የአዳራሽ ንግግር አይደለም፤ የስኳር ሕመም ያለባቸውን ልጆች ይረዳል ተብሎ የተሠራ አንድ የስልክ መተግበሪያ ነው። «ይህ ደግሞ ሂስ የሚጻፍበት ነገር ነው እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሰው የሠራው፣ ለሰው ይጠቅማል ተብሎ የቀረበና በልጆቻችን ጤና ላይ ቃል የሚገባ ነገር ሁሉ ሊመዘን ይገባዋል ብለን እናምናለን። በተለይም ዛሬ ዛሬ ለትምህርቱም፣ ለሰላት ሰዓቱም፣ ለሕመሙም «አፕ አለውኮ!» የሚለው መልስ ከአፋችን የማይጠፋ ስለሆነ፣ ቢያንስ አንዱን አፕ አንስቶ ምን ሠራ፣ ምንስ ሳይሠራ ቀረ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በቅድሚያ ስለ የትኛው የስኳር ሕመም እንደምንናገር ግልጽ እናድርግ። አብዛኞቻችን የምናውቀው በጎልማሶችና በአረጋውያን ላይ የሚበዛውን፣ ሐኪሞች ዓይነት ሁለት የሚሉትን ነው። በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ በብዛት የሚከሰተው ዓይነት አንድ ግን የተለየ ነው። በዚህኛው የሰውነት የገዛ መከላከያ ኃይል ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሕዋሳት ያጠፋቸዋል። ልጁ ጣፋጭ ስላበዛ የመጣ አይደለም፤ እናቱ አንዳች ስላጎደለችም አይደለም። ከዚያ በኋላ ያ ልጅ በሕይወት የሚኖረው ኢንሱሊን በየቀኑ እየወሰደ ብቻ ነው። ኢንሱሊኑ ሲያንሰው ስኳሩ ይወጣል፤ ይጠማዋል፣ ሽንቱ ይበዛል፣ ይከሳል፣ ዝም ከተባለም ደሙ አሲድ እየሆነ ሄዶ ሕይወቱን ያሳጣዋል። ሲበዛበት ደግሞ ስኳሩ ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይምታታበታል፣ ራሱን ይስታል። በእነዚህ በሁለት ገደሎች መካከል በየቀኑ መንገድ የሚፈልገው ሰው የ13 ዓመት ልጅ ሊሆን እንደሚችል እስቲ አስቡት። ምን በላሁ? ምን ያህል ሮጥኩ? ስንት ዩኒት ልወጋ? እኩዮቹ ኳስ በሚያስቡበት ሰዓት እርሱ ይህንን ያሰላል፤ ሒሳቡን በተሳሳተ ቁጥር የሚቀጣው ደግሞ መምህሩ ሳይሆን የገዛ አካሉ ነው።

የምንመረምረው መተግበሪያ የተወለደው በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ነው። ከተማይቱ ለዚህ ጉዳይ እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬደሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት ኢንሱሊንን ያገኙት በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበር። በጃንዋሪ 1922 መድኃኒቱን በመወጋት የመጀመሪያ የሆነው ታማሚም ሌናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ነው። የመጀመሪያው መርፌ በቂ ንጹሕ ስላልነበረ ብዙም አልጠቀመውም። ጄምስ ኮሊፕ የተባለው ባለሙያ መድኃኒቱን አጣርቶት በዚያው ወር ዳግመኛ ሲወጋ ግን ስኳሩ ወረደለት፤ ሞቱን ይጠባበቅ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ ኖረ። ሰዎቹ የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ማስተላለፋቸውም የታወቀ ነው። መተግበሪያው ባንት የተባለው ከባንቲንግ ስም ተወስዶ ነው። ከባድ ስም ነው የወሰደው!

ባንትን ያዘጋጁት ጆሴፍ ካፋዞና ባልደረቦቹ ናቸው፤ ከቶሮንቶው የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞችም ጋር አብረው ሠርተዋል። ሥራውን የጀመሩት በጥሩ በር ነው እንላለን። ምንም ነገር ከመሥራታቸው በፊት ልጆቹንና ወላጆቻቸውን አስቀምጠው ጠየቁ። ስንትና ስንት ነገር ለሕመምተኞች ተብሎ፣ አንድም ሕመምተኛ ሳይጠየቅ እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው ይህንን ሳያመሰግን አያልፍም። ካገኙት መልስ ሁለት ነገር እናንሳ። አንደኛው፣ ልጆቹ መለካቱ ቶሎና ሰው ሳያይባቸው እንዲያልቅላቸው ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ግን የነገሩ ሁሉ እምብርት ነው። ልጆቹ ይለካሉ፤ ቁጥሩን ያያሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ምንም አያደርጉም። ስኳሩ 280 ሆኖ ያየዋል፣ መለኪያውን ይከድናል፣ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። አዘጋጆቹ ለዚህ ነገር ስም አወጡለት፤ በእኛ አነጋገር የውሳኔ ድንዛዜ ልንለው እንችላለን። ዓይን አይቷል፤ እጅ ግን አልተንቀሳቀሰም።

መተግበሪያው ታዲያ ምን ያደርግ ነበር? ልጁ ጣቱን ወግቶ ሲለካ ውጤቱ በብሉቱዝ በራሱ ወደ ስልኩ ይገባል፤ ደብተርና እስክሪብቶ መያዝ ቀረለት። ስኳሩ ለተከታታይ ቀናት በአንድ ዓይነት ሰዓት፣ ለምሳሌ ሁልጊዜ ከምሳ በፊት፣ ከልኩ ሲያልፍ ስልኩ ያንን አስተውሎ ይጠይቀዋል። ምክንያቱ ምን ይመስልሃል? ምንስ ብታደርግ ይሻላል? ከዚህም ሌላ በሚገባው ሰዓት የለካ ልጅ ነጥብ ይሰበስባል፤ ነጥቡ ሲጠራቀም ከአፕል መደብር ሙዚቃና ሌሎች አፖች የሚገዛበት ሽልማት ይሆንለታል። ሽልማቱ ሙዚቃ መሆኑ ለብዙ ቤተሰቦቻችን የማይጥም መሆኑን እናውቃለን፤ ለጊዜው እንለፈው፤ ሂሳችን እዚያ ላይ አይደለም። እንዲሁም መሰሎቹ የሆኑ ልጆች ብቻ እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበት ክፍል ነበረው። በትምህርት ቤቱ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ልጅ እርሱ ብቻ ለሆነ ታዳጊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው ሙከራ ውጤት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከ12 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 20 ልጆች ለ12 ሳምንታት ተጠቀሙበት። ልጆቹ በቀን የሚለኩት ከ2.4 ወደ 3.6 ጊዜ ከፍ አለ፤ በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። ታዳጊ ልጅ በጊዜው እንዲለካ ስትለምን፣ ስትቆጣ፣ ስታባብል የኖረች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ በዚህ ሙከራ ውስጥ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ሌላ ቡድን አልነበረም። 12 ሳምንት ደግሞ አዲስ ዕቃ አዲስነቱ የሚያልቅበት ጊዜ እንኳ አይደለም። በዒድ የተገዛለትን መጫወቻ ልጅ ስንት ሳምንት እንደሚወደው ሁላችንም እናውቃለን።

ቁም ነገሩ የመጣው ከ5 ዓመት በኋላ ነው። ሺቫኒ ጎያልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ጥናት ከ11 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 92 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ባንትን ይዘው፣ ግማሾቹ እንደ ወትሮው እየታከሙ 12 ወራት ቆዩ። የተመዘኑት በሶስት ወር ስኳር ነው። ይህ ምርመራ በቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተለጠፈውን ስኳር በመቶኛ የሚለካ በመሆኑ ላለፉት ሁለትና ሦስት ወራት ስኳሩ በአማካይ እንዴት እንደነበረ ይናገራል፤ የአንድ ቀን ጥሩ ጠባይ አያታልለውም። በልጆችና በወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ከ7 በመቶ በታች መሆኑ ነው፤ ወደ ጥናቱ የገቡት ልጆች ግን 8 እና ከዚያ በላይ የነበሩ ናቸው። ዓመቱ ሲያልቅ በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

አዎን፣ አልተገኘም! የጥናቱ ባለቤቶች አንድ ነገር ግን ጨምረው ተናገሩ። ባንትን ከያዙት ልጆች መካከል በቀን 5 ጊዜና ከዚያ በላይ የለኩት የሶስት ወር ስኳራቸው በ0.58 ተሻሽሎ ነበር፤ ባንትን ካልያዙት መካከል ግን እንደዚያው አዘውትረው በለኩት ላይ ያ መሻሻል አልታየም። ይህ ከዋናው ጥያቄ ውጭ የተደረገ ምርመራ ስለሆነ ብዙ ሸክም አንጭንበትም፤ ነገር ግን አንዳች ነገር ይጠቁማል። ደግሞም ያንኑ መሣሪያ ከነደፉት ሰዎች መካከል ያሉ ተመራማሪዎች «ዋናው ውጤት አልተለወጠም» ብለው በአደባባይ ማሳተማቸውን ልብ በሉ። በመደብሩ ላይ ዕቃውን የሚያሞግሰው ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ አላየንም። አማና ማለት ይህ ነው፤ ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን።

እንግዲህ የእኛ ሂስ እዚህ ላይ ይጀምራል። አዘጋጆቹ ደዌውን በትክክል አግኝተውት ነበር፤ ልጁ ቁጥሩን አይቶ አለመወሰኑ ነው ብለዋል። መድኃኒቱን ሲሰጡ ግን ሽልማቱን ያሰሩት በመለካቱ ላይ ነው። ልጅ ደግሞ የተሸለመበትን ነገር ነው የሚያበዛው። መለካቱ በረከተ፤ ከመለካቱ በኋላ ያለው ነገር፣ ማለትም የመርፌውን መጠን ማስተካከል፣ ምሳውን ማስላት፣ ስኳሩ ሲወርድ ጨዋታ አቋርጦ መቀመጥ፣ ይህ ሁሉ በነበረበት ቀረ። «ምክንያቱ ምን ይመስልሃል?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አስተያየት የመተግበሪያው ምርጥ ክፍል ነበር። ነገር ግን ጠያቂው ስልክ ነው። ስልክ የጠየቀውን በአንድ ጣት ማለፍ ይቻላል። «ረስቼ ነው» ብሎ ቢመልስለት ስልኩ ዓይን ዓይኑን አያየውም፤ «ለምን ረሳህ፣ በትምህርት ቤት መርፌ ማውጣት አፍረህ ነው?» አይለውም። ይህንን የሚለው ሰው ነው፤ ያውም ልጁ የማይፈራው ሰው።

ይህ የመጨረሻው ቃል በደንብ እንዲሰማ እንፈልጋለን፤ የማይፈራው ሰው።

የጉርምስና ዕድሜ ለዚህ ሕመም ክፉ ጊዜ ነው። ምክንያቱ የጠባይ መበላሸት ብቻ የሚመስለን ወላጆች ብዙ ነን። እውነቱ ግን በዚያ ዕድሜ የሚበዙት የዕድገት ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክሙታል። ባለፈው ዓመት ይበቃው የነበረው መጠን ዘንድሮ አይበቃውም፤ ምንም ሳይበላ አድሮ ንጋት ላይ ስኳሩ ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ልጁ የታዘዘውን ሁሉ አድርጎ 240 ሊያይ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሰማው ቃል ምንድን ነው? «ደግሞ ምን በላህ?» ነው። ቁጥሩ ፍርድ ሆነ ማለት ነው፤ ጥሩ ቁጥር፣ መጥፎ ቁጥር፤ ጥሩ ልጅ፣ መጥፎ ልጅ። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ የተባለ ልጅ መለካቱን ይተዋል፤ ወይም ይለካና ያልሆነ ቁጥር በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ልጁን ውሸታም ያደረገው ስኳሩ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ የሚሠራ ማንኛውም መተግበሪያ ይህንን የእኛን ቤት ቃል ሊለውጥልን አይችልም። ሐኪሙ ቁጥሩን የሚፈልገው መጠኑን ለማስተካከል ነው፤ 240 ለሐኪም መረጃ ነው። ለእናትና ለአባትም እንዲሁ መረጃ ቢሆን ምን ነበረበት?

«ይህ ሁሉ ያረጀ ነገር ነው፤ አሁን ጣት መውጋት እንኳ እየቀረ ነው» የሚሉን ይኖራሉ። ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፓ ፍሪስታይል ሊብሬ የተባለው ክንድ ላይ የሚለጠፍ መለኪያ ለገበያ ቀረበ፤ በ2015 ደግሞ ዴክስኮም ጂ5 የተባለው በየ5 ደቂቃው ውጤቱን በቀጥታ ወደ ስልክ እንዲልክ በአሜሪካ ተፈቀደ። በቀን 288 ቁጥር ማለት ነው! መሣሪያው የሚለካው ከቆዳ ሥር ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ ከደሙ በጥቂት ደቂቃዎች ይዘገያል እንጂ፣ ሌሊት ስኳር ሲወርድ ጮኾ ቤተሰቡን መቀስቀሱ ብቻውን ሊመሰገን የሚገባው ነው። የሌሊቱን መውረድ ፈርታ ዓመታት ሙሉ እንቅልፍ ያጣች እናት ለዚህ መሣሪያ ዱዓ ብታደርግ አንገረምም። ጥቅሙም በጥናት ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት በአሜሪካ ከ14 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 153 ወጣቶች ለ26 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸው፣ መሣሪያውን የለጠፉት የሶስት ወር ስኳራቸው ከ8.9 ወደ 8.5 ወረደ፤ ጣታቸውን እየወጉ የለኩት በ8.9 ላይ ቀሩ። ስለዚህ መሣሪያው ይጠቅማል።

ነገር ግን 8.5 አሁንም ከ7 በእጅጉ ይርቃል። በቀን 288 ጊዜ ቁጥሩን እያየ! መለካቱ ቀላል ሲሆን ያ የውሳኔ ድንዛዜ ያልነው ነገር አብሮ አልጠፋም። አዲስ ነገርም መጣ፤ ቁጥሩ በልጁ ስልክ ብቻ ሳይሆን በእናቱም በአባቱም ስልክ ይታያል። ለትንሽ ልጅ ይህ ጥበቃ ነው። ለ15 ዓመት ልጅ ግን፣ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ስኳርህ ወጥቷል፣ ምን እየበላህ ነው?» የሚል መልእክት በየሰዓቱ ሲደርሰው፣ ጥበቃው ክትትል ይሆንበታል። አንዳንዱ መሣሪያውን ነቅሎ ይጥለዋል። ሌላው ስልኩን ያጠፋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመውቀሳችን በፊት ስለ የትኛው ቁጥር እንደምንደውልለትና ስለ የትኛው ዝም እንደምንል ከእርሱ ጋር ተቀምጠን ተስማምተን ነበር ወይ? ስኳሩ ሲወርድ ወዲያው እንደውላለን፤ ሲወጣ ግን ቤት ሲመጣ እንነጋገራለን፤ ይህን የመሰለ ስምምነት ምንም ዋጋ አይጠይቅም፤ በየትኛውም አፕ ውስጥም ተጽፎ አይገኝም።

ስለ ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ ክንድ ላይ የሚለጠፈው መለኪያ እንደ ዓይነቱ 10 ወይም 14 ቀን አገልግሎ የሚጣል ነው፤ ሁልጊዜ ይገዛል። በውጭ አገር የመድን ዋስትና ለሚከፍልላቸው ወገኖቻችን ይህ ችግር ላይሆን ይችላል። እዚህ ግን ስንቱ ቤተሰብ የጣት መለኪያውን ስትሪፕ እንኳ ቆጥሮ ነው የሚጠቀመው። መለኪያው በስጦታ ይመጣል፤ ስትሪፑ ግን ከዚያው መለኪያ ጋር የሚገጥም ካልሆነ አይሠራም፤ ስትሪፑ ሲጠፋ መለኪያው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። በቀን አንድ ስትሪፕ ብቻ ያለው ልጅ በቀን 5 ጊዜ ለካ ብሎ የሚሸልም ስልክ ምን ያደርግለታል?

እንዲህ ላለው ቤት የባንት ምርጥ ክፍል በ32 ገጽ ደብተር ሊሠራ ይችላል። መተግበሪያው ያስተዋለው በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚደጋገመውን ነውና፣ ስትሪፑ ጥቂት ከሆነ ሦስት ቀን በተከታታይ ከቁርስ በፊት፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ከምሳ በፊት፣ ቀጥሎ ሦስት ቀን ከመኝታ በፊት መለካት ይቻላል። ከጎኑ የተወጋውን መጠንና የተበላውን መጻፍ ነው። በቀን አንድ ስትሪፕ ዝም ብሎ ባገኙት ሰዓት ከመለካት ይልቅ እንዲህ የተደረደረ ቁጥር ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ይህ ማለት ግን ስትሪፕ መቆጠብ መልካም ነገር ነው ማለት አይደለም፤ ልጁ ላብ ላብ ካለው ወይም ከተንቀጠቀጠ ቀኑ የማንም ይሁን ወዲያው ይለካ። ስትሪፕ ከሌለ ደግሞ ሳይለካም ስኳር ይሰጠው።

አሁን ወደ ቤታችን ዋና ጉዳይ እንምጣ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም ሊቆጣጠሩት አስቸጋሪ የሚሆነው በጉርምስና ዕድሜ ነው ብለናል። ጾም በሸሪዓ ግዴታ የሚሆነውም ለአቅመ አዳም ሲደረስ ነው። ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ በአንድ ዓመት ይመጣሉ። ታናናሽ ወንድሞቹ እንኳ ግማሽ ቀን ጾምን ብለው ሲፎክሩ፣ እርሱ ሱሁር ላይ ተነስቶ ከቤተሰቡ ጋር ሳይቀመጥ፣ መግሪብ ሲደርስም እንደ ጾመኛ ሳይቆጠር መዋል ምን ያህል እንደሚከብደው መገመት አያቅትም። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመመ ሰው በሌላ ጊዜ እንዲተካ መፍቀዱን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጁም ያውቃል። ግን ያ ሩኽሳ በቤቱ ውስጥ እንደ ውርደት ከታየ ማን ይጠቀምበታል?

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች በ12,243 የስኳር ሕመም ባለባቸው ሙስሊሞች ላይ የተካሄደው ኢፒዲያር የተባለ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዓይነት አንድ ካለባቸው መካከል 43 በመቶ ያህሉ በረመዷን ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ለከባድ የስኳር መውረድ የመጋለጣቸው ነገር ደግሞ ከሌላው ወር ጋር ሲነጻጸር ወደ 4.7 እጥፍ አድጎ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽንና የስኳር ሕመምና ረመዷን ኅብረት በ2021 ባወጡት መመሪያ ስኳሩ ከ70 በታች ከወረደ ወይም ከ300 በላይ ከወጣ ጾሙ ወዲያው እንዲፈታ ይመክራሉ። ለመለካት ጣትን መውጋት ጾምን እንደማያፈርስም ያስረዳሉ፤ ይህንን ብዙ ዑለሞችም ተናግረውታል። «ጾመኛ ስለሆንኩ አልለካም» የሚል ልጅ በቤታችሁ ካለ ይህንን አሁኑኑ ንገሩት።

እስቲ መግሪብ ሊደርስ 40 ደቂቃ ቀርቶታል እንበል። ልጁ ስልኩን ወይም መለኪያውን አየ፤ 66 ይላል። መሣሪያው ሥራውን ፈጽሟል፤ ከዚህ በላይ የሚያደርገው የለውም። ልጁ «40 ደቂቃ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ቀኑን ሙሉ ጾሜ አሁን ልፍታ?» ይላል በልቡ። ማዕድ ቤቱ በሳምቡሳ ሽታ ታውዷል፤ እናቱ ሾርባውን ታማስላለች፤ አባቱ ተምሩን በሳህን እየደረደረ ነው። ቁጥሩን ለማን ያሳያል? ወይስ ስልኩን ገልብጦ ያስቀምጠዋል? ይህንን የሚወስነው የመተግበሪያው ዓይነት አይደለም። ባለፈው ሳምንት እንዲህ ያለ ቁጥር ባሳየ ጊዜ ያየው ፊት ነው የሚወስነው። «ጎበዝ! በሰዓቱ አየኸው፤ ና እንካ ጠጣ» ተብሎ ከነበረ ያሳያል። «ትንሽ ብትታገስ ምን ነበረበት?» ተብሎ ከነበረ ይደብቃል፤ የደበቀው ልጅ ደግሞ በሶላት ረድፍ ላይ ቆሞ ሊወድቅ ይችላል። በ66 ላይ ያለ ልጅ በውኃ የተበጠበጠ ስኳር ወይም ጭማቂ ወዲያው ይጠጣ፤ በ15 ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይለካ። ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በአፉ ምንም አይጨመርበት፤ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላልና በጎኑ አስተኝቶ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው።

የጾሙ ውሳኔ ራሱ በዚያች 40 ደቂቃ ውስጥ የሚደረግ መሆን የለበትም። መመሪያው ሐኪም ዘንድ መቅረብን የሚያዝዘው ከረመዷን 6 እስከ 8 ሳምንት ቀደም ብሎ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በረጀብ ማለት ነው። የሱሁሩና የኢፍጧሩ መርፌ ስንት እንደሚሆን የሚነግራችሁ እርሱ ነው፤ ይህ ልጅ ዘንድሮ አይጹም ሊልም ይችላል፤ በተለይ የሶስት ወር ስኳሩ ከፍ ያለ ወይም በቅርቡ ስኳሩ ወርዶ ራሱን የሳተ ከሆነ። ወደዚያ ቀጠሮ ስልክ ያለው ስልኩን፣ ደብተር ያለው ደብተሩን ይዞ ይሂድ። ሐኪሙ ሲጠይቅም ልጁ ራሱ ይመልስ፤ እናትና አባት አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጡ።